ኤክሴል በጣት

ሰኔ ሲቃረብ ደንበኞቼ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ለቆጠራው ታብሌት ልግዛ ወይስ ላፕቶፕ?» ሒሳብ የምይዘው ለአነስተኛና ለመካከለኛ ነጋዴዎች ነው፤ ለሳሙናና ለዘይት አከፋፋዮች፣ ለመኪና መለዋወጫ ሱቆች፣ ለጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ተቆጥሮ መመዝገብ አለበት። መጋዘን ውስጥ ደግሞ ጠረጴዛ የለም። አንዱ መሰላል ላይ ወጥቶ ካርቶን እየቆጠረ ይጠራል፣ ሌላው ከሥር ቆሞ ይጽፋል፤ ቆሞ ለሚጽፍ ሰው ላፕቶፕ አይመችም፣ ታብሌት ግን በአንድ እጅ ይያዛል። ሻጩም «ዊንዶውስ ነው፣ ኤክሴል ይከፍታል፣ ሙሉ ኮምፒውተር ማለት ነው» ይላቸዋል። ውሸት አይደለም። ኤክሴል ይከፍታል።

ችግሩ የሚመጣው ከተከፈተ በኋላ ነው። ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ሰው፣ ማውስና ኪቦርድ አለ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ጣት ብቻ ሲቀርብለት አንዳንዱ ነገሩ ያንሳል፣ አንዳንዱ ይደበቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ማንም ሳያዘው ይፈጸማል። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ይህ የሚያናድድ ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል። ቁጥር በሚመዘገብበት ቦታ ግን ሰው የሚያስጠይቅ ጉዳይ ነው። ለዚህ ነው ጥያቄውን በአንድ ቃል መልሼ የማልሸኛቸው።

ከመጠን እንጀምር። የማውሱ ቀስት ጫፍ አንዲት ነጥብ ናት። ስክሪኑ ከተሠራባቸው ነጠብጣቦች፣ ፒክሰል ከምንላቸው፣ አንዷን መርጦ ይነካል። የአዋቂ ሰው ጣት መስታወት ላይ ሲያርፍ የሚሸፍነው ቦታ ግን ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። በቆዩት የዊንዶውስ ፕሮግራሞች አናት ላይ የተደረደሩት ትናንሽ ምልክቶች 16 በ16 ፒክሰል ሆነው የተሳሉ ናቸው። ዊንዶውስ ለብዙ ዓመት በአንድ ኢንች ስክሪን ላይ 96 ፒክሰል አለ ብሎ ሲሠራ ስለኖረ፣ በዚያ ስሌት አንዱ ምልክት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ለማውስ በቂ ነው። የታብሌት ስክሪን ግን ፒክሰሎቹ የተጠጋጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ሰርፌስ ፕሮ 10.6 ኢንች በሆነ ስክሪን ላይ 1920 በ1080 ፒክሰል ይዞ ነበር፤ በአንድ ኢንች ወደ 208 ማለት ነው። ያው ምልክት ሳይሰፋ እዚያ ላይ ቢቀመጥ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ለንጽጽር ያህል፣ ጉግል ለአንድሮይድ ፕሮግራም ሠሪዎች በሚሰጠው መመሪያ በጣት የሚነካ ነገር ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት እንዲኖረው ይመክራል፤ የአፕል መመሪያም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጣት 9 በሚፈልግበት ቦታ 2 ሚሊ ሜትር ከቀረበለት አጠገቡ ያለውን መንካቱ አይቀርም። «ሴቭ» ለማለት የፈለገ «ፕሪንት» ያደርጋል፣ አንድ ረድፍ ለመጨመር የፈለገ ያጠፋል።

«ታዲያ አስፍቶ ማየት ነው» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ዊንዶውስ ሁሉንም ነገር 150 ወይም 200 በመቶ አድርጎ እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል። ይህ ሲደረግ ግን በአንድ ጊዜ የሚታዩት ረድፎች ያንሳሉ። ለስፋቱ ያልተዘጋጀ የቆየ ፕሮግራም ደግሞ እንደ ፎቶ ይለጠጥና ጽሑፉ ይደበዝዛል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን መጠናቸው ተቆርጦ የተሠሩት ትናንሽ መስኮቶች ናቸው። ሲሰፉ ከስክሪኑ ይረዝማሉ፤ «ኦኬ» እና «ካንስል» የሚሉት ቁልፎች ደግሞ ሁልጊዜ ከታች ናቸው፤ ከስክሪኑ በታች ወርደው ይቀራሉ። ኪቦርድ ያለው ሰው «ኢንተር» ወይም «ኢስኬፕ» ብሎ ይገላገላል። ታብሌት ብቻ የያዘ ሰው ያን መስኮት ማጽደቅም መዝጋትም አቅቶት ሲታገል በየመጋዘኑ አይቻለሁ፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ታብሌቱን አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ያልተቀመጠው ሥራም አብሮ ይጠፋል።

ከመጠን ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ማውስ ሳይነካ ማየት ይችላል። ቀስቱን አንድ ነገር ላይ አምጥታችሁ ሳትጫኑ ብታቆሙት ፕሮግራሙ እዚያ እንዳላችሁ ያውቃል፤ ምን እንደሆነ በትንሽ ጽሑፍ ይነግራችኋል፣ ምልክቱ ቀለሙን ይቀይራል። ጣት ይህ የለውም። አብዛኛው የታብሌት ስክሪን የሚሠራው መስታወቱ ሥር ባለው ስስ የኤሌክትሪክ መረብ ነው፤ ጣት ሲያርፍበት በዚያ ቦታ ያለው ቻርጅ ይለወጣል፣ መሣሪያውም ቦታውን ያሰላል። ጣቱ ከመስታወቱ ከፍ ብሎ ሲንሳፈፍ ግን ለፕሮግራሙ የሚደርሰው ነገር የለም። ማውስ ዋጋ ጠይቆ ሊያልፍ የሚችል ገዢ ነው፤ ጣት ግን ከነካ ገዝቷል።

ኤክሴል ውስጥ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው ውሎው በዚያ የሆነ ሰው ነው። የማውሱ ቅርጽ እንደቆመበት ቦታ ይለዋወጣል። ሴሉ መሃል ላይ ሲሆን ወፍራም ነጭ መስቀል ነው፤ ከተጫናችሁ ሴሉ ይመረጣል። ወደ ተመረጠው ሴል ጠርዝ ሲጠጋ በአራት አቅጣጫ የሚያመለክት ቀስት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ይዛችሁ ብትጎትቱ ሴሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በታችኛው ማዕዘን ባለችው ትንሽ ካሬ ላይ ደግሞ ቀጭን ጥቁር መስቀል ይሆናል፤ ከዚያ መጎተት ቁጥሩን ወደ ታች ያባዛዋል። ሦስት የተለያዩ ሥራዎች፣ በአንድ ሴል ላይ፣ በጥቂት ፒክሰል ልዩነት። ማውስ የያዘ ሰው የቅርጹን ለውጥ አይቶ እጁን ያርማል፤ ይህን ማድረጉን እንኳ ልብ አይለውም። የጣት ባለቤት ቅርጹን አያይም፤ ቢኖርም ጣቱ ራሱ ሸፍኖታል።

አንድ አከፋፋይ ዘንድ የሆነውን ልንገራችሁ። ባለቤቱ የአንድሮይድ ታብሌት ገዛ። የኤክሴል ፋይሉ ግን ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ነበርና፣ ታብሌቱን በዋይፋይ ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም አስጫነ። እንዲህ ሲሆን የኮምፒውተሩ ስክሪን እንዳለ ታብሌቱ ላይ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ የሚመጣለትን ንክኪ ሁሉ የማውስ ክሊክ ነው ብሎ ይቀበላል። የመጋዘኑ ኃላፊ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቢን ካርድ በሚባለው የወረቀት ዕቃ መመዝገቢያ ብዙ ዓመት የሠሩ፣ ቁጥር የማይስቱ ሰው ናቸው። ታብሌቱን ተቀብለው ቆጠሩ፣ መዘገቡ። ሲደመር የአንድ ዓይነት ሳሙና 60 ካርቶን ጎደለ።

በእኛ አገር የመጋዘን ሥራ ውስጥ «ጉድለት» የሚለው ቃል ምን እንደሚያስከትል ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሰውየው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጄ፣ እኔ ቁጥሩን ጽፌዋለሁ፤ ማን አነሣው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እንየዋ» ብዬ ሰንጠረዡን ቢሮ ውስጥ በትልቁ ስክሪን ከፍተን ረድፍ በረድፍ ወረድን። 60 ቁጥሩ አልጠፋም። «ብዛት» ከሚለው ዓምድ ወጥቶ አጠገቡ «ምርመራ» የሚለው ዓምድ ውስጥ ተቀምጧል። ካርቶኖቹም ቦታቸው ላይ ነበሩ።

የሆነው ይህ ነው። ሰውየው ቁጥሩን ጽፈው ወደ ታች ለመውረድ ስክሪኑን በጣታቸው ጎተቱ፤ በስልካቸው ላይ የለመዱት እንደዚያ ነው። ጣታቸው ያረፈው ግን የተመረጠው ሴል ጠርዝ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ማውስ ጠርዙን ይዞ ጎተተ ብሎ፣ ጣታቸው ትንሽ ዘመም ስላለ፣ ቁጥሩን ወደ ጎኑ ዓምድ አዛወረው። ቁጥሩ የሚያርፍበት ሴል ጽሑፍ ቢኖረው ኖሮ ኤክሴል «ያለውን ልተካው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ባዶ ስለነበር አልጠየቀም። ድምሩን የሚሠራው ፎርሙላም የ«ብዛት»ን ዓምድ ብቻ ስለሚደምር 60 አነሰ፤ ቀይ ምልክት የለ፣ የስህተት መልእክት የለ። ፕሮግራሙ በራሱ ደንብ የታዘዘውን ፈጽሟል። ሰውየውም የሠሩት ስህተት የለም። ሁለቱ የተነጋገሩት ግን በተለያየ ቋንቋ ነው፤ ለመውረድ የተደረገው ጉተታ ለማዛወር የተሰጠ ትእዛዝ ሆኖ ተነበበ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው «ታብሌቱ ላይ ቁጥር ይጠፋል» ሲለኝ አልስቅበትም፤ ፋይሉን አስከፍታለሁ።

እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የወጡት ኤክሴሎች በቀጥታ ታብሌቱ ላይ ሲጫኑ ጣትን ከማውስ ይለያሉ። ጣት ሲጎትት ሰንጠረዡ ይንሸራተታል እንጂ ሴል አይነሣም፤ ሴል ሲነካ በሁለት ማዕዘኖቹ ላይ ክብ እጀታዎች ይወጣሉ፣ እነሱን በመጎተት ብዙ ሴል ይመረጣል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ግን ከኤክሴል ውጭ ያሉት፣ በየመሥሪያ ቤቱ የምናያቸው የሒሳብ፣ የደመወዝና የስቶክ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ይህን መለየት አይችሉም። ዊንዶውስ ነው በመካከል ገብቶ የሚያስተረጉምላቸው፤ አንድ ንክኪ ክሊክ፣ ጫን ብሎ መቆየት ራይት ክሊክ ይሆናል። ቆየት ማለቱን የሚቆጥረው ግን ማሽኑ ነው፤ በችኮላ ያለ ሰው ቶሎ ያነሣና ሌላ ነገር ይታዘዛል።

አሁን ደግሞ ወደ ኪቦርድ። ታብሌቱ ላይ ቁጥር ለመጻፍ ሴሉን ስትነኩ የመስታወት ኪቦርድ ከታች ይወጣና የስክሪኑን ግማሽ ሊወስድ ይችላል። ከሃያ ረድፍ ውስጥ ስምንት ወይም ዘጠኝ ብቻ ይታያችኋል፤ ድምሩ፣ ከታች ያለው፣ አይታይም። ሒሳብ የሚሠራ ሰው እጁ የለመዳቸው ቁልፎች፣ «ታብ»፣ «ኮንትሮል»፣ አጠገብ ላጠገብ የተደረደሩት ቁጥሮች፣ ፎርሙላ ለማሰር የምንጫነው «ኤፍ4»፣ አንዳንዶቹ የሉም፣ ያሉትም በሌላ ገጽ ተደብቀዋል። ከሁሉም በላይ ጣት የሚዳስሰው ነገር የለም። እውነተኛ ኪቦርድ ላይ ዓይኔ ደረሰኙ ላይ ሆኖ እጄ ይጽፋል፤ መስታወት ላይ ዓይኔን ከደረሰኙ አንሥቼ ወደ ፊደሉ፣ ከፊደሉ ወደ ሴሉ፣ ከሴሉ ወደ ደረሰኙ ማመላለስ አለብኝ። ስህተት የሚገባው በዚህ ምልልስ መሃል ነው።

በአማርኛ ሲሆን ይብሳል። የዕቃ ስም በአማርኛ የሚመዘግቡ ደንበኞች አሉኝ፤ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም መጋዘን ውስጥ የሚሠሩት ልጆች የሚያነቡት እሱን ነው። ኮምፒውተር ላይ በግእዝ ሶፍትዌር ሁለት ቁልፍ ተከታትሎ በመጫን አንድ ፊደል ይወጣል፤ የለመደ ሰው እንደ ውኃ ያወርደዋል። ታብሌት ላይ ግን ለአንድሮይድ የተሠሩት የአማርኛ ኪቦርዶች ብዙዎቹ መጀመሪያ ግእዙን ያስነኩና ቀጥሎ ካዕብ፣ ሣልስ እያሉ ቤተሰቡን ደርድረው ያስመርጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ዓይን ወደ ታች መውረድ አለበት። ሌላም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ፊደሉን በላቲን ቁምፊዎች ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ በእነዚያ ፎንቶች መጻፉም ቶሎ አልቆመም። በእነዚያ የተጻፈ የቆየ የዕቃ ዝርዝር ፎንቱ በተጫነበት የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ታብሌት ላይ ሲከፈት ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ታብሌት ከመገዛቱ በፊት ይህን ማየት ያስፈልጋል፤ ቆጠራው ማለዳ ሲጀመር የሚታወቅ ነገር መሆን የለበትም።

ይህ ሁሉ የፕሮግራም ሠሪዎች ስንፍና ይመስላል፤ አይደለም። ሰንጠረዥ የሚሠራ ፕሮግራም ሁልጊዜ የተቀረጸው በዘመኑ እጅ ላይ በነበረው መሣሪያ ልክ ነው። የመጀመሪያው ታዋቂ የሰንጠረዥ ፕሮግራም ቪዚካልክ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ሲወጣ ማውስ አልነበረውም። ያ ኮምፒውተር የግራና የቀኝ ቀስት እንጂ የላይና የታች ቀስት ቁልፍ አልነበረውም፤ ስለዚህ ስፔስ ሲጫኑ ያው ሁለቱ ቀስቶች ከጎን ወደ ጎን መሄዳቸውን ትተው ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሄዱ አደረጉት። ኤክሴል እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወለድ የተወለደው ለማኪንቶሽ ነው፤ ማኪንቶሽ ደግሞ ማውስን ወደ ብዙ ሰው ጠረጴዛ ያደረሰ ኮምፒውተር ነው። ወደ ዊንዶውስ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መጎተቱ፣ ጠርዙ፣ ትንሿ ካሬ፣ ሁሉም ማውስ ላለው ሰው የታሰቡ ጥበቦች ናቸው፤ ለማውስ ደግሞ ግሩም ናቸው።

ማይክሮሶፍት ይህን ዓለም እንዳለ ወደ ታብሌት ለመውሰድ ብዙ ጊዜ ሞክሯል። ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ2001 በላስ ቬጋሱ ኮምዴክስ ትርኢት ላይ በብዕር የሚሠራውን ታብሌት ፒሲ ሲያሳይ በአምስት ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ከሚሸጡት የግል ኮምፒውተሮች ሁሉ ተፈላጊው እንደሚሆን ተናግሮ ነበር፤ አልሆነም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 አይፓድን ሲያወጣ በተቃራኒው ሄደ፤ የማኪንቶሽን ፕሮግራሞች አላመጣም፣ ሁሉም ነገር ለጣት ከሥሩ እንዲጻፍ አደረገ። በጥቅምት 2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዊንዶውስ 8 ሁለቱን ሊያስታርቅ ሞከረ። ፊት ለፊት ለጣት የተሠሩ ሰፋፊ ካሬዎች፣ ከኋላ ደግሞ የድሮው ዴስክቶፕ። አብሮት የወጣው ሰርፌስ አርቲ የሚባለው ታብሌት ግን የተሠራበት የፕሮሰሰር ዓይነት ከተለመደው ኮምፒውተር የተለየ ነበርና፣ ከኦፊስ በቀር ሰዎች የለመዷቸውን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች መጫን አይቻልም ነበር። ሰው «ዊንዶውስ» የሚል ስም አይቶ ገዛ፣ የራሱን ፕሮግራም ሊጭን ሲል እንቢ አለው። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ማይክሮሶፍት በዚሁ ታብሌት ክምችት ምክንያት 900 ሚሊዮን ዶላር ከሒሳቡ ቀነሰ። ሒሳብ የሚሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ቁጥሩን በሚገባ ይረዳዋል፤ መጋዘን የሞላ፣ በተገመተው ዋጋ የማይሸጥ ዕቃ ማለት ነው።

ይህ የፕሮሰሰር ነገር ዛሬም አለ። ገበያችን ላይ በርከት ብለው የሚታዩት ርካሽ ታብሌቶች አንድሮይድ ናቸው። ለዊንዶውስ የተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም በእነዚያ ላይ እንዲሁ አይጫንም፤ ትእዛዙ የተጻፈው ለሌላ ስርዓትና በአብዛኛው ለሌላ ፕሮሰሰር ነው። ያለው አማራጭ ቅድም እንዳልኩት ከርቀት መገናኘት ነው፤ ያ ደግሞ ኔትወርክ ሲቆም ይቆማል፣ ቢሮው መብራት ሲጠፋ ይጠፋል።

ሥራውን ለጣት ከሥሩ ማዘጋጀት እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን አለ። የስታቲስቲክስ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት ታብሌት ይዘው ሲጠይቁ አይታችሁ ይሆናል፤ ለ4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራም በወረቀት ፈንታ ታብሌት ነበር የታሰበው፤ ቆጠራው ራሱ እንደተራዘመ ቀርቷል። እንዲህ ላለው ሥራ በዓለም ላይ ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ ሲኤስፕሮ ይባላል፤ የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ያዘጋጀው ነው። አሠራሩን ልብ በሉ። መጠይቁ የሚነደፈው ጠረጴዛ ላይ፣ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ነው። ጠያቂው እጅ ላይ ባለው አንድሮይድ ታብሌት ግን ያ ሁሉ ሰንጠረዥ የለም፤ ጥያቄዎቹ ተራ በተራ ይመጣሉ፣ መልሱ በሰፊው ይነካል፣ ሊሆን የማይችል ቁጥር ሲገባ ያስቆማል። የኮምፒውተሩን ስክሪን አሳንሰው አላቀበሉትም። ሥራውን ለሁለት ከፈሉት፤ መሰብሰብ ለጣት፣ መተንተን ለማውስ።

እኔም ለደንበኞቼ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አያስወጣም። መጋዘን የሚገባው ፋይል የሚሞላ አንድ ዓምድ ብቻ ይኑረው፣ ረድፎቹ በጣት ልክ ረዘም ይበሉ፣ የዕቃው ስም አስቀድሞ ይጻፍ። ፎርሙላ፣ ዋጋ፣ ድምር ቢሮ ባለው ፋይል ውስጥ ይቆዩ። ኤክሴል በርቀት የሚሠራበት ቦታ ከሆነ፣ ቢሮው ኮምፒውተር ላይ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ» ውስጥ ገብቶ ሴል መጎተትን የሚፈቅደውን ምልክት ማንሣት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ጠርዝ ላይ ያረፈ ጣት ቁጥር አያዛውርም። ይህች አንዲት ምልክት ተነሥታ ቢሆን ኖሮ እኚያ ሰው ያን ቀን በዚያ ሁኔታ ባልዋሉ ነበር። ባዶ የቀረ ሴል በራሱ ቀይ እንዲሆን ማድረግም ቀላል ነው። ርቀት ማገናኛዎቹም ብዙዎቹ ስክሪኑን እንደ ላፕቶፕ መዳሰሻ የማድረግ አማራጭ አላቸው፤ ያን ጊዜ ጣት ቀስቱን ይገፋል እንጂ ራሱ ቀስት አይሆንም። ቀስቱም ይታያል፣ ቅርጹ ሲለዋወጥም ይታያል። ዘገም ያለ ነው፣ ግን ያስተማምናል።

ታብሌቱን ቢሮም ውስጥ ሊሠሩበት ለሚፈልጉ ደግሞ ማውስና ኪቦርድ ይግዙ እላለሁ፤ በብሉቱዝ ወይም በኦቲጂ ኬብል ከአንድሮይድም ጋር ይሠራሉ። በዚህ የሚያፍር ሰው እንዳይኖር፣ አፕልም ራሱ ከአሥር ዓመት በኋላ በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) አይፓድ ማውስን በሚገባ እንዲቀበል አድርጓል። ብዕርም አለ፤ እዚህ ላይ ግን መለየት ያስፈልጋል። በየሱቁ የሚገኘው ጫፉ ጎማ የሆነው ርካሽ ብዕር ጣትን ከመተካት በቀር የሚጨምረው የለም። በልዩ ስክሪን ላይ የሚሠራው ባለ ኤሌክትሮኒክስ ብዕር ግን ከመስታወቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ሳለ ያለበት ቦታ ይታወቃል፤ ሳይነካ ማየትን ይመልሳል። የኋለኛው ውድ ነው፤ ታብሌቱ ራሱም የሚቀበለው መሆን አለበት።

ሊገዙ ሲወጡ አብሬ መሄድ ባልችል፣ የራሳችሁን የቆጠራ ፋይል በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይዛችሁ ሂዱ እላቸዋለሁ፤ ሻጩ የሚከፍትላችሁን ቪዲዮ አትዩ። ፋይሉን እዚያው አስከፍቱና በጣት ብቻ ሞክሩት። የአማርኛው ስም ይነበባል? አንድ ቁጥር ጽፋችሁ ኪቦርዱ ወጥቶ ሳለ የምትጽፉበት ሴል ይታያችኋል? ከአንድ ረድፍ ወደ ቀጣዩ ስትወርዱ በቀጥታ ይወርዳል ወይስ ወደ ጎን ይሄዳል? ወደ ታች ስባችሁ ተመለሱና የጻፋችሁት ቁጥር ቦታው ላይ እንዳለ እዩ። መጋዘናችሁ ግቢ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ከሆነ ታብሌቱን ይዛችሁ ከሱቁ በር ወጣ በሉ፤ ፀሐይ ላይ የማይነበብ ስክሪን አለ። በመጨረሻ መጋዘኑ ውስጥ የሚሠራውን ሰው እጅ ላይ ስጡት፤ የሚቆጥረው እሱ ነውና፣ እሱ ሲሞክር ዝም ብላችሁ ተመልከቱ።